ውሻ ይዞ በሞተር ጀልባ መውጣት፦ ከገላን ጓሮ እስከ ባቦጋያ

ውሻ ጀልባ የሚለምደው ሐይቅ ላይ አይደለም። ግቢ ውስጥ ነው። ይሄን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ውሻችን ዳማ የመጀመሪያ ቀን እንደዚያ ባልተሰቃየ ነበር።

የምንኖረው አዲስ አበባ ዳር፣ ገላን ነው። ከወንድሜ ጋር በጋራ የገዛናት አንዲት ትንሽ የፋይበር ጀልባ አለችን። 15 የፈረስ ጉልበት ሞተር አላት፣ የምታድረውም ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ያለ ዘመዳችን ግቢ ነው። ዳማ ደግሞ 28 ኪሎ የሚመዝን የአምስት ዓመት ወንድ ውሻ ነው። የመጀመሪያ ቀን ምንም ሳናለማምደው ዝም ብለን ጫንነው። እንዳይዘል ብዬ የአንገቱን ማሰሪያ ጀልባዋ ጎን ላይ ካለው ብረት ጋር ቋጠርኩት። ወንድሜ የሞተሩን ገመድ ሳበ፣ ሞተሩ ጮኸ፣ ዳማ ዘለለ። ማሰሪያው አጭር ስለነበር ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ አልገባም፣ አንገቱ ታንቆ በጀልባዋ ጎን ተንጠለጠለ። የኋላ እግሮቹ ውሃ ውስጥ ናቸው፣ የፊት ጥፍሮቹ ፋይበሩን ይቧጥጣሉ። ወንድሜ ጀርባው ላይ ያለውን ቆዳ ጨምድዶ ወደ ላይ ሲጎትተው እኔ ቋጠሮውን ለመፍታት እታገላለሁ፣ ቋጠሮው ደግሞ በክብደቱ ጠብቋል። የቧጠጣቸው አራት መስመሮች አሁንም ጀልባዋ ላይ አሉ። ድምፁ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ያቃጭላል።

ስለዚህ ከሁሉም በፊት ይሄን ያዙ። ጀልባ ላይ ያለ ውሻ ከምንም ነገር ጋር አይታሰርም። ቢዘል ይታነቃል፣ ጀልባዋ ብትገለበጥ ደግሞ አብሯት ይሰምጣል። ማሰሪያው የሚያስፈልገው ከመኪና እስከ ጀልባ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ ፈታችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱት።

ግቢ ውስጥ የሚሠራው ሥራ

ውሻን የሚያስፈራው ውሃው ብቻ አይደለም። ዋናው የሚያስፈራው ከእግሩ ስር ያለው ነገር መንቀሳቀሱ ነው። ይሄን ለማስለመድ ጀልባ አያስፈልግም። እኛ ከጎሚስታ የጭነት መኪና አሮጌ ካላማዳሪያ ገዛን። ግማሽ ያህል ብቻ ነፋነውና መሬት ላይ አጋድመን ኮምፔንሳቶ አስቀመጥንበት፣ ኮምፔንሳቶው እንዳያንሸራትተው ደግሞ አሮጌ ምንጣፍ ደረብንበት። ሲረገጥ እንደ ጀልባ ይወዛወዛል።

በመጀመሪያው ቀን ዳማ አልወጣም። አልገፋነውም። ዳር ዳሩ ላይ የተቀቀለ ሳንባ ቁራጭ አስቀመጥን፣ እሱም አንገቱን አስግጎ እየበላ ሄደ። በሁለተኛው ቀን የፊት እግሮቹን አወጣ። ኮምፔንሳቶው ጎንበስ ሲል ደንግጦ ወረደ፣ ተመልሶ ወጣ። በአምስተኛው ቀን አራቱም እግሮቹ ላይ ቆሞ ነበር፣ ጅራቱ ግን ገና እግሩ መሃል ነው። ጅራቱን እዩ። ጅራቱ እስኪላላ ድረስ ወደሚቀጥለው ደረጃ አትሂዱ። እኛ ሁለት ሳምንት ፈጀብን፣ ቡችላ ከሆነ ከዚያ ሊፈጥን ይችላል። ቀኑን ሙሉ ከማድከም በቀን አስር ደቂቃ ይበቃል።

እዚያው ላይ እንዳለ «ቁጭ» እና «ቆይ» የሚሉትን አስተምሩት። ሌላ ትዕዛዝ ባያውቅ ግድ የለም። «ቆይ» ግን የግድ ነው፣ ምክንያቱም ጀልባዋ ወደ ዳር ስትጠጋ ሁሉም ውሻ መሬት እንዳየ መዝለል ይፈልጋል፣ በጀልባዋና በመውረጃው እንጨት መሃል ከወደቀ ደግሞ ይጨፈለቃል። «ና» እስክትሉት ቁጭ እንዲል አድርጉ።

ለሞተር ድምፅ ጄኔሬተር ተጠቀምን። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ማስነሳት ለማናችንም አዲስ አይደለም፣ አሁን ግን ለውሻው ስንል አስነሳነው። መጀመሪያ ከግቢው ዳር አስነሱትና ምሳውን በሌላኛው ጫፍ ስጡት። በየቀኑ ሳህኑን ትንሽ ትንሽ አቅርቡ። መብላቱን ካቆመ በጣም ቀርባችኋል ማለት ነው፣ መልሱት።

ሌላው ሰው የማያስበው ነገር ሽንት ነው። በደንብ የሰለጠነ ውሻ ጀልባ ላይ አይሸናም፣ ለሰዓታት አምቆ ይይዛል፣ ይሄም ያሳምመዋል። አንድ ሰፊ ሳፋ ውስጥ ከነአፈሩ የተነቀለ ሳር አስቀምጡና ግቢ ውስጥ እዚያ ላይ እንዲሸና አስለምዱት። አንዴ ከሸናበት ሽታውን ስለሚያውቅ ጀልባ ላይም ይጠቀምበታል። አጭር ሽርሽር ከሆነ ሳፋውን ተዉት፣ ከመነሳታችሁ በፊት በደንብ አንሸራሽሩት።

የት ነው የምትወጡት?

ለእኛ ለከተማው ዳርቻ ሰዎች ቅርብ ውሃ ያለ ይመስላል፣ ግን አብዛኛው አይሆንም። ለገዳዲና ገፈርሳ የአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ናቸው፣ አይታሰቡም። አባ ሳሙኤል ከአቃቂ በታች ስለሆነ ለእኛ ሰፈር ከሁሉም ይቀርባል። ነገር ግን የአቃቂ ወንዞች የከተማውን ፍሳሽና የፋብሪካ ቆሻሻ ተሸክመው የሚገቡት እዚያ ነው፣ እምቦጭም አለበት። እምቦጭ የሞተሩ ፕሮፔለር ላይ ይጠመጠማል፣ ውሃው ደግሞ ውሻ የሚልሰው አይደለም።

ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐይቆቹ ድሮ እሳተ ገሞራ የፈነዳባቸው ጉድጓዶች ስለሆኑ ዳራቸው ቶሎ ይጠልቃል። ባቦጋያ ወደ 65 ሜትር፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ ወደ 87 ሜትር ይጠልቃሉ። ይሄ ሁለት ነገር ማለት ነው። ውሻው ከዳር ጥቂት እርምጃ እንደገባ እግሩ መሬት ያጣል። ሞተር ቢበላሽባችሁ ደግሞ መሃል ላይ መልሕቅ ጥላችሁ መቆም አትችሉም፣ ገመዳችሁ አይደርስም፣ ነፋሱ ወደ ፈለገው ይወስዳችኋል። ሁለት መቅዘፊያ ሳትይዙ አትውጡ።

ከፍታው ሞተሩንም ይነካዋል። ቢሾፍቱ ከባህር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር አካባቢ ነው። ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል፣ ስለዚህ የእኛ 15 ፈረስ እዚያ ላይ 12 ገደማ ይሆናል። ሦስት ሰው፣ 28 ኪሎ ውሻና ጀሪካን ቤንዚን ስንጭን ጀልባዋ እየጎተተች እንደምትሄድ ያወቅነው ዘግይተን ነው። አሁን ሁለት ሰውና አንድ ውሻ ብቻ ነን።

ቢሾፍቱ አካባቢ ካለው አረንጓዴ ሐይቅ ጋ ውሻ ይዛችሁ አትሂዱ። ስሙን የሰጠው አረንጓዴነት ሶዳ የሚባለው ጨው በበዛበት ውሃ ውስጥ የሚኖር ጥቃቅን ዕፅ ነው፣ ውሃው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ ለውሻ ሆድ አይሆንም። ቆቃ እና ዝዋይ ጉማሬ አለባቸው። ቆቃ ላይ ደግሞ ውሃው ላይ አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰ የሚመስል መርዛማ አልጌ በተደጋጋሚ ታይቷል። ይሄን አልጌ የላሰ ወይም ዋኝቶበት ፀጉሩን የላሰ ውሻ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። የትም ሐይቅ ላይ ይሁን፣ ዳር ዳሩ ላይ እንደ አረንጓዴ ቀለም የረጋ ነገር ካያችሁ ውሻውን ከመኪና አታውርዱት።

ሎጅ ውስጥ የምትገቡ ከሆነ ቀድማችሁ ደውሉና «ውሻ ይዘን ነው የምንመጣው» በሉ። እኛ አንዴ ሳንደውል ሄደን በር ላይ ተመልሰናል። ብዙዎቹ አያስገቡም።

የምትይዙት ዕቃ

ላይፍ ጃኬት ለውሻም ያስፈልገዋል። «ውሻ ሲወለድ ጀምሮ ይዋኛል» የሚሉ ሰዎች አሉ። ይዋኛል፣ ግን ይደክማል፣ ጀልባ ላይ ራሱን ችሎ ተመልሶ መውጣት ደግሞ አይችልም። ደረቱ ሰፊ፣ እግሩ አጭር የሆነ ውሻ ጭራሽ ወዲያው ይሰምጣል። የምትገዙት ጃኬት ጀርባው ላይ ጠንካራ መያዣ ያለው ይሁን። የምትከፍሉት ለዚያ መያዣ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ከፊት እግሮቹ ጀርባ ያለውን የደረቱን ዙሪያ ለክታችሁ ላኩለት። የሕፃን ላይፍ ጃኬት ለመጠቀም ሞክረን ነበር፣ ወደ ፊት እየተንሸራተተ እግሮቹን ይይዘዋል። የሃይላንድ ጠርሙስ አስሮ መሞከርም አይሆንም። ጃኬቱን መጀመሪያ ግቢ ውስጥ አልብሱት፣ ከዚያ ዳር ላይ፣ እናንተም ውሃው ውስጥ ቆማችሁ፣ መያዣውን ይዛችሁ አንሳፉት።

የሚጠጣው ውሃ ከቤት ይሂድ። የቢሾፍቱ ሐይቆች ውሃ ሶዳ ያለበት ስለሆነ ብዙ ከጠጣ ያስቀምጠዋል። 28 ኪሎ ውሻ በአዘቦት ቀን አንድ ሊትር ተኩል ያህል ይጠጣል፣ ፀሐይ ላይ ከዚያ ይበልጣል። እኛ ሦስት ሊትር እንይዛለን። ሰፊ ጎድጓዳ ሳህን፣ ጥላ የሚሆን ሸራ ወይም ጃንጥላ፣ ፎጣ፣ ፒንሳ፣ ፋሻ። ፒንሳው ለዓሣ መንጠቆ ነው። ዳር ላይ ቆሮሶ የሚያጠምዱ ልጆች የጣሉት መንጠቆ ብዙ ጊዜ ውሻ እግር ላይ ይሰካል። ከገባ ወደ ኋላ አትጎትቱ። ጫፉን ወደ ፊት ገፍታችሁ አውጡና የመንጠቆውን ሹል ምላስ በፒንሳ ቆርጣችሁ ቀሪውን መልሳችሁ ሳቡ። መንጠቆ ከነክሩ ከዋጠ ግን ክሩን አትሳቡ፣ ክሩን ሳትቆርጡ በቀጥታ ወደ እንስሳት ሐኪም።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ያላለፈበት መሆን አለበት። ሐይቅ ዳር ባለቤት የሌላቸው ውሾች ሞልተዋል፣ የእናንተውን ሊተዋወቁት ይመጣሉ። ሐኪሙን ስለ ሌፕቶስፓይሮሲስም ጠይቁት፣ ከአይጥ ሽንት በውሃ በኩል የሚመጣ በሽታ ነው።

የመውጫው ቀን

ከመነሳታችሁ ከሦስት አራት ሰዓት በፊት አታብሉት፣ ሆዱ የሞላ ውሻ ያስታውከዋል። ይሄ ማለት ዱከም ላይ ቁርጥ ለመብላት ብትቆሙ ለእሱ አጥንት መጣል የለም። ሽታው መኪና ውስጥ ሲገባ የሚያሳየው ፊት ሆድ ያባባል፣ አውቃለሁ። ሲመለስ ይሰጠዋል። ጀልባ ላይ የሚበላ ነገር ስትይዙም ወጥ ያለበት ፍርፋሪ አታቅምሱት፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ውሻን ይመርዛል። ቢያመው ደግሞ የሰው መድኃኒት አትስጡት።

ጠዋት ውጡ። እኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ውሃው ላይ ነን፣ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ዳር ነን። ባቦጋያ ላይ ለዓመታት ዓሣ ያጠመዱ አንድ አባት የመጀመሪያ ቀን መረባቸውን እየሰበሰቡ «ልጄ፣ ነፋሱ ሳይነሳ ግቡ» ብለውን ነበር። እውነታቸውን ነው። ወደ እኩለ ቀን ሲጠጋ ነፋሱ ይነሳል፣ ፀሐዩም ያን ጊዜ ይከፋል።

ስትሳፈሩ መጀመሪያ አንድ ሰው ይግባ፣ ቀጥሎ ውሻው፣ ከዚያ ሌላው ሰው። ወለሉ ላይ የለመደውን ምንጣፍ አንጥፉ፣ ያው ኮምፔንሳቶው ላይ የነበረውን። ሽታውን ሲያገኝ ዳማ ወዲያው ተኛ። ቤንዚን ስትቀዱ ውሻው ጀልባዋ ላይ አይኑር። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ የሚረጋው ወለል ላይ፣ ውሻው አፍንጫ ጋ ነው። የፈሰሰውን ከረገጠ ደግሞ እግሩን ይልሳል።

ሞተሩ ላይ የምትሰካ ቀይ ገመድ አለች። ነጂው እጁ ወይም እግሩ ላይ ያስራታል፣ ከተነቀለች ሞተሩ ይጠፋል። ብዙ ሰው አይጠቀምባትም። ውሻ ባለበት ግን ግዴታ ነው። ሲደነግጥ ነጂውን ገፍቶ ሊጥለው ይችላል፣ ሰው የሌለባት ጀልባ ደግሞ እየዞረች ትመለሳለች። ውሻው ቦታው ከነጂው ፊት፣ መሃል ላይ ይሁን። የጀልባዋ አፍንጫ ላይ ቆሞ ነፋስ እየተቀበለ መሄድ ፎቶ ላይ ያምራል፣ ጀልባዋ አንዴ ድንገት ፍጥነት ስትቀንስ ግን በፊት በኩል ይወድቃል፣ ፕሮፔለሩም በላዩ ያልፋል።

ሙቀቱን ተከታተሉ። የውሻ ጤናማ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ እንደ ሰው ማላብ ስለማይችል በዋናነት የሚበርደው በማለክለክ ነው። ወለሉን በእጃችሁ ጀርባ ንኩት፣ ሰባት ሰከንድ ካላስቻላችሁ ለእግሩም አይሆንም። ማለክለኩ ከበረታ፣ ምላሱ ከጠቆረ፣ ለሃጩ ከወፈረ፣ ከተንገዳገደ ሽርሽሩ አብቅቷል። ሆዱንና የጭኖቹን መሃል በውሃ እያራሳችሁ፣ እያራገባችሁ ወደ ዳር ግቡ። ከዚያ ቀጥታ ወደ ሐኪም።

ውሃ ውስጥ ከወደቀ

መጀመሪያ የምታደርጉት ነገር ማርሹን ማውጣት ነው። ፕሮፔለሩ ይቁም። አንድ ሰው ዓይኑን ከውሻው ላይ ሳያነሳ በጣቱ እያመለከተ ይቀመጥ፣ ሌላ ሥራ አይሥራ። ከዚያ ነጂው ሰፋ አድርጎ ዞሮ በቀስታ ይመለስ፣ ሦስት አራት ሜትር ሲቀር ሞተሩን ያጥፋ፣ በመቅዘፊያ ይጠጋ። ስሙን ጥሩ፣ በተለመደው ድምፃችሁ። ስትጮሁ የተናደዳችሁ ይመስለውና ወደ ሌላ አቅጣጫ ይዋኛል። ከጎን፣ መሃል ላይ፣ በጃኬቱ መያዣ አንሱት። ሁለታችሁም በአንድ ጎን አታጎንብሱ፣ ትገለበጣላችሁ። እሱን ለመያዝ ዘላችሁ አትግቡ። የደነገጠ ውሻ ሰው ላይ ይወጣል፣ በጥፍሩ ይቧጥጣል፣ ወደ ታች ይገፋል።

ይሄን በደህና ቀን ተለማመዱት። እኛ ጃኬቱን ውሃ በሞላ ጀሪካን ላይ አስረን፣ ውሃ ላይ ጥለን፣ ተመልሰን እያነሳን አስር ጊዜ ያህል ተለማመድን። ሁለተኛው ጊዜ ላይ ጀሪካኑን በጀልባዋ ገጨነው። ስድስተኛው ላይ አሠራሩ ገባን።

ባህር ላይ ለምትወጡ

ጅቡቲም ሆነ ሌላ ባህር ዳር ያላችሁ ሰዎች፣ ከላይ ያለው ሁሉ ይሠራል፣ የሚጨመር ግን አለ። የባህር ውሃ ብዙ ከጠጣ ጨው ይመርዘዋል፣ ስለዚህ በየግማሽ ሰዓቱ ንጹህ ውሃ አቅርቡለት። ዳርቻው ላይ ውሃው በቀን እየሞላና እየጎደለ ስለሚሄድ ውሻውን ለማሸናት ያቆማችሁበት አሸዋ ስትመለሱ ላይኖር ይችላል። ወደ ሌላ አገር ወደብ የምትሻገሩ ከሆነ ደግሞ ሰዓቱን ሳይሆን ወራቱን አስቡ። ለምሳሌ ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚገባ ውሻ ማይክሮቺፕ፣ የእብድ ውሻ ክትባት፣ ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ የሚወሰድ የደም ምርመራ፣ ከደሙም በኋላ ሦስት ወር መቆየት ይጠበቅበታል። ወረቀት ከሌለው ጀልባው ላይ እያለም ቢሆን ችግር ነው።

ስትመለሱ

ከቤት በያዛችሁት ውሃ እጠቡት፣ በተለይ ሆዱንና እግሮቹን፣ የሐይቁን ውሃ ከፀጉሩ ላይ እንዳይልሰው። ጆሮዎቹን ገልብጣችሁ በደረቅ ጨርቅ አድርቁ። እርጥበት የቀረበት ጆሮ በሳምንቱ ይሸታል። በጣቶቹ መሃል እያንዳንዱን እዩ፣ መንጠቆም እሾህም እዚያ ይደበቃል። ምግቡን መኪና ውስጥ አትስጡት፣ ገላን ገብቶ አንድ ሰዓት ያህል ካረፈ በኋላ ይብላ። ጃኬቱን ጥላ ላይ አስጡት። ምንጣፉን ግን አትጠቡት፣ ለሚቀጥለው ጊዜ ሽታው ያስፈልገዋል።